ምላሴን የጠበቅሁበት ሁዳዴ

በሞጣ ከተማ፣ የልጅ ልጄን ጽዮንን ይዤ በሄድሁበት ክሊኒክ ደጃፍ አንድ የጤና አዳም ቁጥቋጦ በቅሏል። ተራችንን ስንጠብቅ የጋቢዬ ጫፍ ቅጠሉን አሸት አደረገውና ሽታው ወደ አፍንጫዬ መጣ። ሳላስበው ከንፈሬን ገጠምሁ፤ ጥርሴንም ነከስሁ። የስምንት ዓመቷ ጽዮን ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ጥ... ጥ... ጥ...» አለችና ቀረች። ጥርስዎን አመመዎት ወይ ልትለኝ እንደ ፈለገች ስለ ገባኝ፣ ቃሉን ሳላስጨርሳት ራሴን ነቅንቄ እንዳላመመኝ ነገርኋት። እርስዋም ቃሏን ተወችው።

ከባሕር ዳር በወር አንድ ጊዜ የምትመጣው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ቤተልሔም የምትባል ወጣት ናት። ጽዮንን በመስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻት፤ አፏንም አስከፍታ በጠፍጣፋ እንጨት ምላሷን አነሣ አደረገችና በትንሽ ባትሪ ከሥሩ ተመለከተች። እኔ ከወንበሬ ብድግ አልሁ።

«ምነው አባቴ?»

«የሚቆረጥ ነገር አለ?»

«ኧረ የለም። ምላሷ ደኅና ነው፤ ይህን ለማረጋገጥ ያህል ነው የማየው። ለመንተባተብ ተብሎ የሚቆረጥ ነገር የለም። ማን እንዲህ አለዎት?»

ማን እንዳለኝ ባጭሩ የሚነገር አልነበረም። ባለሙያዋ ለጽዮን ሥዕል እያሳየች ጨዋታ ስትጀምር፣ እኔ ወደ ቢቸና አገር፣ ወደ ልጅነቴ አንድ ሁዳዴ ተመልሼ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ከቢቸና ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ አጥቢያ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ፊደል አልቆጠረም። በሬ ጠምዶ ሲያርስ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን የሰማውን ዜማ ያንጎራጉር ስለ ነበር፣ ቃሉን ሳያውቅ ዜማውን ብቻ ይዞት ቀርቷል። «እኔ ከደጀ ሰላም ቀረሁ፤ አንተ ግን መቅደስ ትገባለህ» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ (እናቴ ልደቴን የምትቆጥረው በሰብል ነበርና በትክክል አላውቅም) በሚካኤል ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ንባብ ለሚያስተምሩት ለየኔታ ገብረ ማርያም ሰጠኝ።

እኔ ግን ተንተባታቢ ነበርሁ። ቃሉ እስከ ጉሮሮዬ ደጃፍ ይመጣና በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። እኔ ከውስጥ እገፋለሁ፤ አንገቴ ይገተራል፣ ዐይኔ ይጨፈናል፣ አንድ እግሬ መሬቱን ይመታል። ከሁሉ የሚብሰው በ«አ» የሚጀምረው ነበር። ለዚህ ነገር ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ጅብ ከደጅ ጮኾ እንዳስደነገጠኝ ታምን ነበርና የመስቀል እጣቢ ታጠጣኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን ያባቴ አጎትም እንዲህ ነበሩ ይላሉ፤ ይህን ግን አባቴ ሲሰማ ስለሚቆጣ በሹክሹክታ ነበር የሚወራው።

እኔም የራሴ ምክንያት ነበረኝ። የኔታ የመጥምቁ ዮሐንስን አባት የዘካርያስን ነገር ሲተርኩልን፣ መልአኩ ያበሠረውን ስለ ተጠራጠረ አንደበቱ ተዘጋ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንደ ተጠራጠርሁ ስፈልግ ሰነበትሁ። በመጨረሻ አገኘሁት። ጎረቤታችን የሆኑት ቄስ፣ በቅሏቸው ከዓባይ ማዶ አድርሳ በዚያው ቀን ቤታቸው እንደ መለሰቻቸው ሲያወሩ በልቤ አላመንሁም ነበር። በማግሥቱ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምሁና «በ... በ... በቅሎዎን አምናለሁ» አልኋቸው። ቄሱ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። በቅሏቸውንም እስከ ወንዙ እንድጋልባት ፈቀዱልኝ። ምላሴ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። እኔ ቃል ስጀምር እርሱ ይጨርሰው ነበር። አንዳንዴ ያገኘዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይስተዋል። ውኃ ፈልጌ ወተት ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ዝም ብዬ እጠጣለሁ። እርሱ ይህን የሚያደርገው ሊረዳኝ ነበር። ሰው ጭነት ከብዶት ሲያይ እንደሚያግዝ ሁሉ፣ ከቃሉ ወዲያኛው ጫፍ ይዞ ያነሣልኝ ይመስለው ነበር።

በዚያ ዓመት የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ቀድማ የምታስብ ሴት የነበረችው እናቴ ለፋሲካ ጠላ የሚሆን ብቅል አዘጋጅታ በግቢው ፀሐይ ላይ በሰሌን አሰጣች። እኔ ዶሮ እንድከላከል ተቀመጥሁ። ዶሮ አልመጣም፤ ከጋጣው ገመዷን በጥሳ የመጣችው አህያችን ነበረች። በበትር ሞከርኋት። እርስዋ ዞር ብላ የኋላ እግሯን አሳየችኝ፤ ተራጋጭ መሆኗን ስለማውቅ ከቤቱ ጀርባ ሞፈር ወደሚጠርበው አባቴ ሮጥሁ።

«አ... አ... አ...»

«አክስትህ መጣች?»

ራሴን ነቅንቄ በእጄ ወደ ግቢው ጠቆምሁ። ግቢውና የመንገዱ በር ግን በአንድ አቅጣጫ ነበሩ።

«አባ መጡ! አንቺ ሴት፣ የንስሐ አባታችን መጡ!» አለና ጥርቡን ጣለ። እናቴ የእግር ውኃ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ነጠላውን ከአጥር ላይ አንሥቶ መስቀለኛ ለበሰ፤ እጁን ታጠበ፤ ፊቱንም አበሰ። እኔ በዚህ ሁሉ መካከል «አ... አ...» እያልሁ ከኋላው እከተለው ነበር። እርሱ ደግሞ «ሰማሁህ፣ ሰማሁህ ልጄ» ይለኛል። ራሱን ዝቅ አድርጎ ለመሳለም ወደ ግቢው ሲወጣ አህያዋን አገኛት። ከሰሌኑ ላይ የቀረው ብቅል አንድ ቁና አይሞላም ነበር።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። ምናለ የሚባል ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ ንባቡ የፈጠነ፣ አፉም የፈጠነ ተማሪ ነበር። «ብቅሉ መጣ! ምን ሆነህ ነው የዘገየህ? አባ መጥተው ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ብቅሉ ሆነ።

አባቴ አልመታኝም። በዚያው ሳምንት ግን ለእናቴ እንዲህ ሲላት ሰማሁ፦ «አያ ደሴን አነጋግሬዋለሁ። ከምላሱ ሥር ያለችው ክር ይዛው ነው ይላል። ትቆረጥና ይፈታል።»

አያ ደሴ በአገራችን እንጥል የሚቆርጥ ሰው ነው። የአክስቴን ልጅ እንጥል ሲቆርጥ አይቻለሁ። ልጁ አልጮኸም፤ መጮኺያው ተይዞ ነበርና።

«በጾም?» አለች እናቴ።

«በጾም ደም አላፈስስም፤ ከፋሲካ በኋላ ነው።» ቀጥሎም ጨመረ። «የኔታ በሰሞነ ሕማማት ለየልጁ መዝሙር ያድሉ የለ? ቆሞ ብቻውን ካነበበ፣ እሰየው፣ ይቅር። ካላነበበ ግን ለዳግም ትንሣኤ አያ ደሴ ይመጣል።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

እኔ የታሰረ ነገር ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ከከብት በስተቀር ከየትም አልተማርሁም። ጥጃ ገመዱ ሲቆረጥ ወደ እናቱ ይሮጣል። ምላሴስ ወዴት ትሮጣለች? ሳስል፣ ሳነጥስ፣ ወይም ወንዝ ላይ አጎንብሼ ስጠጣ ከአፌ ወጥታ የምትሄድ መሰለኝ። ያለ ምላስ ደግሞ መቁረብ እንደማይቻል አሰብሁ። ስለዚህ ገና ሳልቆረጥ መጠበቅ ጀመርሁ። ስተኛ መቀነት በአገጬ ሥር አሳልፌ በራሴ ላይ አስር ነበር። እናቴ ጥርሴን ያመመኝ መስሏት በትኩስ ጨርቅ ጉንጬን ትተኩሰኝ ነበር።

በንባብ ቤት ሦስት እርከን አለ። መጀመሪያ ተማሪው ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠለ ያነባል፤ ይህ ግእዝ ንባብ ይባላል። ቀጥሎ ድምፁን እያረዘመ፣ ቃሉን እየሳበ ያነባል፤ ይህ ውርድ ንባብ ነው። በመጨረሻ የሚነሣውን አንሥቶ፣ የሚጣለውን ጥሎ፣ እንደ አዋቂ ሳያቋርጥ ያነባል፤ ይህን ቁም ንባብ ይሉታል። ሁለቱን እርከን ከእኩዮቼ ጋር አልፌያቸው ነበር። ቁም ንባብ ላይ ስደርስ ግን ቀረሁ። ደግሞም ነገሬን ያከበደው፣ ሁላችን በአንድነት ስናነብ ድምፄ ሳይሰበር ከሁሉ ቀድሞ መሄዱ ነው። ስለዚህ የኔታ ነገሩን እንደዚህ ተረዱት፦

«ከጓደኞችህ ጋር ስትሆን እንደ ወንዝ ትወርዳለህ፤ ብቻህን ስጠራህ ትለግማለህ። በሬ ሲለግም ምን ይደረጋል?»

«ይገረፋል፣ የኔታ!» አለ ምናለ፣ ሳይጠየቅ።

ተገረፍሁም። በየኔታ አልፈርድም። በእኔ ቦታ ሆኖ ለማያውቅ ሰው፣ በአንድ ሰዓት የሚችለውን በሌላው ሰዓት የማይችል ልጅ እልኸኛ እንጂ ሌላ ምን ይመስላል?

የጾሙ እኩሌታ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ታናናሾቹን የሚያስቀጽለው ተማሪ ታመመ። ማስቀጸል ማለት ትልቁ ተማሪ ቀድሞ እያነበበ ትንሹን ማስከተል ነው። የኔታ በውርድ ንባብ ላይ የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ ሰጡኝና ራሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ፀሐይ ይሞቁ ጀመር። እዘጋለሁ ብዬ ለመፍራት ጊዜ አልነበረኝም፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ቃሉን ሳብሁ፤ እርሱም ሳበ። ሁለተኛውን ሳብሁ። እንዲህ ስንል ገጹ አለቀ።

የኔታ ሳይዞሩ፣ «ምናለ፣ ዛሬ ድምፅህ አማረ» አሉ።

«እኔ አይደለሁም፣ የኔታ። ብቅሉ ነው!»

የኔታ ዞሩ። ተነሥተው መጡና ከአጠገቤ በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ያንኑ ገጽ በቁም አንብብ» አሉኝ። የመጀመሪያው ቃል ላይ ተዘጋሁ። «በውርድ» አሉኝ። ሄድሁ። «በቁም።» ተዘጋሁ። «በውርድ።» ሄድሁ። የኔታ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ አርጩሜያቸውን በጉልበታቸው ላይ ሁለት አድርገው ሰበሩና ለማገዶ ከተሰበሰበው ጭራሮ ላይ ጣሉት።

«ልግም አይደለም» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። «ለጋሚ በሬ ቀስ ብሎም አይሄድም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስትናገርም እንዲሁ በውርድ ተናገር» አሉኝ።

እኔ ታዛዥ ልጅ ነበርሁ። በዚያው ቀን ቤት ስደርስ በደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እማ-ዬ-ዬ-ዬ፣ ው-ኃ-ኃ-ኃ» ብዬ ሳብሁ። እናቴ ቅሏን ጣለች። «በስመ ሥላሴ! ማን ሞተ?» አለች። እኔም ማንም እንዳልሞተ በውርድ ልነግራት ስጀምር ይብስ ሙሾ መሰለ። የጎረቤታችን ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች በአጥሩ በኩል ገባች። ሟች ስላልተገኘ እናቴ ቆሎ አቅርባ ሸኘቻት።

ይህን ለየኔታ ስነግራቸው ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሁሉን ቃል አትሳብ። የመጀመሪያውን ብቻ ቀስ ብለህ ክፈት፤ በር አትደብድብ። ከገባህ በኋላ እንደ ሰው ሂድ።» ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይሆንልኝም ነበር። አንዳንድ ቀን ይከፈታል፤ አንዳንድ ቀን ቀስ ብዬም፣ ጸልዬም፣ ዐይኔን ገልጬም አይከፈትም። የኔታ ግን ከዚያ ወዲያ ስቆም አይቆጡም፤ ሌላ የሚሠሩት ነገር እንዳላቸው ሁሉ ብራናቸውን ይዳስሳሉ።

የሕማማት መዝሙር ሲታደል ለእኔ የደረሰኝ በ«አ» የሚጀምር ሆነ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ዐውቄ ነው የሰጠሁህ» አሉ። «የማትፈራውን ብሰጥህ፣ አባትህ አነበበ ብሎ ይቀበለኛል?»

የሕማማት ረቡዕ ረፋዱ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በሰጋጅ ተሞልቶ ነበር። የላብና የደረቅ ሣር ሽታ ነበረ። ሰው ሁሉ ሲሰግድ የጉልበቱ ድምፅ በአንድነት ወለሉን ይመታል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። ከእኔ በፊት ምናለ አነበበ፤ እንደ ሰጋር በቅሎ ሄዶ ጨረሰ። ከዚያ እኔ ወጣሁ። አባቴ በወንዶቹ ወገን፣ መቋሚያውን ተደግፎ በስተፊት ቆሞ ነበር።

መጽሐፉን ገለጥሁ። በሩ ተዘጋ።

ቀና ስል የአባቴን ከንፈር አየሁ። ሊረዳኝ እየሞከረ ነበር። ፊደል የማያውቅ ሰው፣ ቃሉን የማያውቀውን መዝሙር ሊጨርስልኝ ከንፈሩን ከእኔ ጋር ያንቀሳቅስ ነበር። ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር። ያን ጊዜ ከእርሱ ዐይኔን አነሣሁና ወደ ገጹ ተመለስሁ፤ አየር ሳብሁ፤ የመጀመሪያውን ፊደል ሳልገፋ ለቀቅሁት። ረዝሞ ወጣ። ሁለተኛውን ቃል በቁም ለመያዝ አልደፈርሁም፤ እርሱንም ሳብሁት። እንዲህ እያልሁ መዝሙሩን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በውርድ አነበብሁት፤ ከእኔ ሁለት ዓመት የሚያንሱ ልጆች በሚያነቡበት ንባብ።

«የኔታ፣ ወደ ውርድ ተመለሰ እኮ!» አለ ምናለ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አሉት።

ከዚያ ከሴቶቹ ወገን አንዲት አሮጊት እንባቸውን ለቀቁ። ሌላይቱ ተከተሉ። ስጨርስ ወንዶቹም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሕዝቡ የአንደበቴን ዕንቅፋት ለአምላኩ ሕማም የተደረገ ኀዘን አድርጎ ተቀበለው። «ይህ ልጅ ሕማማቱ ገብቶታል» ተባለ። አባቴ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ፣ «ተፈታ! ምላሱ ተፈታ!» ይል ነበር። እኔም ተፈታሁ ብዬ አመንሁ፤ መቀነቱንም ለእናቴ መለስሁላት።

በፋሲካ ጧት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ አባቴ ትከሻዬን ይዞ ወደ መካከል አወጣኝ። «እስኪ እንኳን አደረሳችሁ በላቸው» አለኝ። «እ...» ብዬ ቀረሁ። እግሬ መሬቱን ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ ባይስቁም ግን የአባቴን ፊት ማየት አልቻልሁም።

ከሰዓት በኋላ የኔታ ለእንኳን አደረሳችሁ ሲመጡ፣ አባቴ «የኔታ፣ አልዳነም» አላቸው።

«መቼ ዳነ አልሁህ? አነበበ ነው ያልሁህ።»

«ታዲያ ምን ይሻለዋል?»

«የጀመርነውን መቀጠል። ሌላ አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ አልነግርህም» አሉት።

ለዳግም ትንሣኤ አያ ደሴ መጣ። አስቀድሞ ተነጋግረው ነበርና ተው የሚል መልእክት አልተላከለትም። ከደጃፉ አጠገብ ካለው ተክል የጤና አዳም ቀንጥሶ በመዳፉ አሸና አውራ ጣቱን ወደ አፌ አስገባ። ምላሴን ወደ ላይ አነሣ። ሽታው እስከ ጉሮሮዬ ዘለቀ፤ ዐይኔ አነባ።

«ቀጭን ናት» አለ አያ ደሴ። «ካፍታ አትቆይም። ፌጦና ቅቤ እናደርግበታለን።» ምላጩን ከጨርቁ ፈታ።

እናቴ በምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር። «አንቱ፣ ቃልዎስ? አነበበ እኮ።»

አባቴ ምላጩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። አንብቤያለሁ፤ ቃሉን ግን የሰጠው እንድናገር ብሎ ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ሲጣሉበት ከፊቱ ይታይ ነበር። ቆይቶ ከእኔ ፊት ቁጢጥ አለ።

«እስኪ ራሱ ይናገር። ልጄ፣ ትቆረጣለህ?»

ቃሉን አውቀው ነበር። በጉሮሮዬ ሙሉ ሆኖ ቆሞ ነበር። የሚጀምረው ግን በ«አ» ነው።

«አ... አ...»

«አዎ እያለ ነው!» አለ አያ ደሴ፤ እጁንም ወደ አገጬ ሰደደ።

ራሴን ልነቀንቅ ሞከርሁ። አንገቴ ተገትሮ ነበርና አልታዘዘኝም።

አባቴ እጁን አነሣ። «ተው!» አለው። «ባለፈው ስንገምት ብቅላችን አለቀ። ዝም ብለን እንጠብቅ።»

ጠበቁ። በልጅነቴ እስከዚያ ቀን ድረስ የተናገርሁትን ሁሉ ባሰላስል፣ ማንም ሰው ጠብቆኝ አያውቅም ነበር። ውጭ ዶሮዎች አመድ ይጭራሉ። እናቴ በአፍንጫዋ ስትተነፍስ ይሰማኛል። አባቴ ዐይን ዐይኔን ያያል፤ ከንፈሩ ግን አይንቀሳቀስም፤ በጥርሱ ነክሶ ይዞት ነበር። በውርድም አልሳብሁትም፤ በቁምም አላቀናሁትም፤ ተሰባብሮ ወጣ።

«አ... አል... አልፈልግም። እንዲሁ ል... ልሁን።»

አባቴ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ሰማህ፣ አያ ደሴ» አለ። «በል ምላጭህን ጠቅልልና ወደ መደቡ ውጣ። ጠላው ግን ቀጭን ነው፤ ምክንያቱን ሰምተሃል።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሁልጊዜ ጠበቀኝ ብዬ አልዋሽም። ይረሳ ነበር። ሲረሳ እናቴ ከጓዳ ሆና «ብቅል!» ትለዋለች፤ እርሱም አፉን በእጁ ይይዛል።

ያን ቀን በሩ ክፍት ሆኖልኝ ነበርና፣ ይህን ሁሉ ጽዮን በሥዕሉ ላይ ቀለም ስትቀባ ለቤተልሔም ሳልሰናከል ነገርኋት። በአህያዋ ሳቀች፤ በአያ ደሴ ግን አልሳቀችም። «በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበር» አለችኝ። «ሐኪሞችም ምላስ የቆረጡበት ዘመን ነበረ። በአፍ ውስጥ ብረት ያደረጉ፣ ጠጠር ያጎረሱ፣ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ በሚል መሣሪያ ምት ልክ ቃል በቃል ያናገሩም ነበሩ። ልግም ነው፣ ድንጋጤ ነው ብለውም ነበር። አሁን አእምሮ ንግግርን ከሚያቀናብርበት መንገድ ጋር የተያያዘ መሆኑን እናውቃለን። የኔታ ያስተማሩዎትን የመጀመሪያውን ድምፅ አለስልሶ መክፈት እኛም እናስተምራለን። ነገር ግን እርሱ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ዛሬ ሥራውን የምንጀምረው ከልጁ ምላስ አይደለም፤ ከቤተ ሰቡ ነው። ቃሏን አትጨርሱላት፤ ቀስ በዪ፣ ተንፍሺ አትበሏት፤ የምትለውን ስሙ። ሥራው ከባድ ነው፤ በአገራችንም የሠለጠነው ሰው ገና ጥቂት ነው።»

እኔ የጥርሴን ነገር አስታወስሁ። በደጃፉ ላይ ሳላስጨርሳት ራሴን የነቀነቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ያውም ስለ ብቅሉ ከማንም በላይ የማውቀው።

ባለሙያዋ ብዕሯን አነሣች። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አንዳንዴ በዘር ይሄዳል። የእርስዎን ልጅነት ሰማሁ፤ ዛሬስ በቤተ ሰቡ ውስጥ ሌላ የሚንተባተብ አለ? ጽዮን፣ አንቺ ታውቂያለሽ?»

ጽዮን የቀለሙን እርሳስ አስቀመጠች። «አ... አ... አ...»

ቃሉን አውቀው ነበር። በአፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ከንፈሬን በጥርሴ ነክሼ ያዝሁት።

«አባባ» አለች በመጨረሻ። ከዚያም ነገሩ እንዳያጎድፈኝ ይመስላል፣ ጨመረችበት። «ማ... ማኅሌት ላይ ግን አይንተባተቡም።»

ቤተልሔም ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው፣ አባቴ? ዛሬም ይንተባተባሉ?»

አፌን ከፈትሁ፤ አሮጌው በር ተዘጋ። ከውጭ በመንገዱ ላይ የሚኒባሱ ረዳት «ባሕር ዳር፣ የሞላ፣ ባሕር ዳር!» እያለ ይቸኩላል። ባለሙያዋ ብዕሯን አላንቀሳቀሰችም። ጽዮን ደግሞ ሁለት እጇን በጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዐይን ዐይኔን እያየች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ጠበቀችኝ።

«አ... አዎ» አልሁ።